ያልወጣሁበት መወጣጫ

ለተከበሩ የሰፊ ሜዳ ፓርክ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ለኦቦ ተክሉ፤

አካም ጅርቱ? ጤናዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ፈጣሪ ጉልበትዎን ይጠብቅልኝ፤ ያለ ጉልበት ወደ ፓርክዎ የሚመጣ ሰው የሚገጥመውን ለጠላቴም አልመኝምና።

እኔ ሙሉዬ የሺጥላ እባላለሁ፤ የቡራዩ ሰው ነኝ። ስሜን ቢረሱት እንኳ መልኬን አይረሱትም፤ በፓርኩ በር ላይ በተሰቀለው ትልቅ ቢልቦርድ ዊልቸር ላይ ተቀምጣ የምትስቀው ሴት እኔ ነኝ። ፓርኩ የተመረቀ ዕለት ከአካል ጉዳተኞች ማኅበራችን አስመርጠው ሲያስመጡኝ ለዊልቸር እናሠራለን ያላችሁት መወጣጫ ገና አልተሠራም ነበርና፣ አራት ሰዎችዎ ከነወንበሬ ተሸክመው ፏፏቴው ወዳለበት ሰገነት አወጡኝ፤ እርስዎም ትከሻዬን ይዘው ፎቶ ተነሱ። ሳቂ ስለተባልኩ ሳቅኩ። ከዚያ ሁላችሁም ወደ ምሳ ሄዳችሁ። እኔን ማውረድ የማን ሥራ እንደሆነ ሳይወሰን ቀርቶ መሰለኝ፣ አመሻሹ ላይ ያወረዱኝ ሁለት የአትክልት ሠራተኞች ናቸው። ቅሬታ አይደለም፤ ፏፏቴዎን እንደኔ ጠግቦ ያየ የለም።

ኋላ ቢልቦርዱ ሲሰቀል በፎቶው ላይ ከአጠገቤ ባለ ብረት መደገፊያ፣ ያማረ መወጣጫ አየሁ። አይ ሞኝነቴ፣ ቃላቸውን ጠበቁ ብዬ መረቅኩዎት። ልጄ ያኔት የሰርጓን ፎቶ ሌላ ቦታ መነሳት ብትፈልግም፣ ሰፊ ሜዳ ካልሆነ ብዬ ድርቅ አልኩ። ለብቻዬ ያሳደግኳት ልጅ ናት። ሳሎን በሚሰቀለው ትልቁ ፎቶ ላይ ከጎኗ መታየት ነበር ምኞቴ፤ ሌላ ምንም አልፈለግሁም። እንግዲህ በዚያ ቀን ለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1. ስለ ፍተሻው። መፈተሻው ዊልቸሬ ላይ ሲጮህ፣ ጥበቃዎ ጨዋ ልጅ ነውና በትህትና «እናቴ፣ አንዴ ቆም ይበሉልኝ» አለኝ። ስንት ሐኪምና ስንት ጠበል ያልቻለውን እንዲህ በቀላሉ የሚያዝዝ ሰው ስለቀጠሩ አመሰግናለሁ።

2. ስለ መወጣጫው። ፈልጌ ፈልጌ ሳጣው ያው ጥበቃ በኮምፒውተር የተሠራ መሆኑን ነገረኝ፤ ደግሞም ሲስቁ ያምርብዎታል ብሎ አሞገሰኝ። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ለካ ስለ እርስዎ መወጣጫ ኖሯል። ሲሚንቶ በተወደደበት ዘመን ያለ ሲሚንቶ መገንባትዎ ያስመሰግንዎታል። የዊልቸር ምልክት የተለጠፈበት መጸዳጃ ቤት በመጥረጊያ ተሞልቶ ስላገኘሁት ግን አልከስዎትም፤ መጥረጊያዎቹ ከእኔ ይብስባቸው ይሆናል።

3. ስለ ደረጃው። ሚዜዎቹ ኮታቸውን አውልቀው ሊሸከሙኝ ሲሉ፣ ያለ አስተዳደሩ ደብዳቤ ሰው ተሸክሞ መውጣት ለደህንነት ሲባል ክልክል መሆኑ ተነገረን። ለካ እኔን መሸከም የሚፈቀደው የእርስዎ ካሜራ ሲኖር ነው። ያኔት ቬሎዋን ሰብስባ ልትወርድልኝ ነበር፤ ሰርገኛ ፎቶ የሚነሳው ግን ሰገነቱ ላይ ብቻ ነው፣ ሌላ ሙሽራም ተራዋን እየጠበቀች ነበር። ተይ፣ ሂጂ አልኳት። የሚዜዎቹን ቦርሳና የልጄን ሸበጥ ታቅፌ ከታች ቀረሁ። ከላይ ሲስቁ ይሰማኛል። አለቀስኩ፤ ምን እዋሽዎታለሁ።

ከሁሉም የሚበልጠው ምስጋናዬ ቁጥር አይበቃውም። ፎቶ አንሺው የልጄን ሐዘን አይቶ፣ ከእናንተ በቀሰመው ጥበብ እኔን በኮምፒውተር ከጎኗ አስገባኝ። ወንበሩ ፎቶውን ያበላሸዋል ብሎ አጠፋውና በእግሬ አቆመኝ። ያኔት ደስ ይላታል ብላ ትልቅ አሳጥባ ሳሎኔ ሰቀለችው፤ እንዳላሳዝናት አውርጂው አላልኳትም። እዚያ ላይ የቆመችው የያኔት እናት ቁመናዋ ያምራል። እኔ ግን አላውቃትም፤ ዊልቸሬን አዙሬ ጀርባዬን ሰጥቻት ነው የምቀመጠው።

ከደረጃዎ ሥር ሆና፣ አንገቷ እስኪያማት ወደ ላይ ቀና ብላ የምታከብርዎ፣

ሙሉዬ የሺጥላ
ከቡራዩ

የረሳሁት፦ ሌላ እናት ደግሞ በእኔ ሳቅ ተታላ ልጇን ይዛ እንዳትመጣ፣ ፎቶዬን ከቢልቦርዱ ላይ እንዲያወርዱልኝ በታላቅ ትህትና እለምናለሁ። አደራዎን ግን፣ ማውረዱን ምሳ ሰዓት ሲደርስ አይጀምሩት።