ለማሙሽ የላክሽው ድምፅ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የአባዬስ ሳል ለቀቀው? እኔ ከሐሳብ በቀር ደህና ነኝ። በስልክ ስጀምረው እንባ እየቀደመኝ አልጨርስ ስላልኩ በወረቀት አደረግኩት፤ አባዬ መነጽሩን አድርጎ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ።

ወንድሜ ማሙሽ ቤት ሲቀባ ከመሰላል ወድቆ ራሱን ከተመታ ይኸው ሃያ ሦስት ቀኑ። ይተነፍሳል እንጂ አይነቃም። ሐኪሙ እስከ ወሩ መጨረሻ አንዳች ምልክት ካላሳየ ተስፋው እየመነመነ ይሄዳል ብሎኛል። ይህን የደበቅኩሽ ልብሽ እንዳይሰበር ብዬ ነው፤ ይቅር በይኝ።

ነርሷ ታዲያ ሥራ ሰጠችን። የሚያውቀውን ነገር አሰሙት፣ አሽትቱት፣ አስነኩት፤ ግን በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ፣ ከዚያ ይረፍ አለች። እኔ ልብስ ሰፊዋ የሱፍና የሐር ቁራጭ ይዤ መዳፉን አሻሸሁት። የሥራ ጓደኛው የቀለም ብሩሹን አምጥቶ ጣቶቹ መሀል አደረገለት። ምንም የለም። ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ድምፃችንን ዝቅ አድርገን "የኔ ጌታ፣ የኔ ማር" ስንለው ነርሷ ሳቀችብን። "ቤታችሁም እንዲህ ነው የምታናግሩት?" አለች። እውነቷን ነው፤ እኔ እሱን "አንተ ዝርክርክ!" ሳልለው የዋልኩበት ቀን አለ እንዴ?

አንቺ በስልክ ቀድተሽ የላክሽውን ምርቃትም በየጠዋቱ አሰማዋለሁ። እኔን ያስለቅሰኛል፣ እሱ ግን ንቅንቅ አይልም። "አሜን" ስትይ ሁሌም አጠፋው ነበር፤ ማክሰኞ ግን እጁን እያጠብኩት ስለነበር ዝም ብሎ ቀጠለ። ለካ መቅዳቱን ሳታቆሚ ስልኩን አስቀምጠሽው ኖሯል! "ወለሉን ወልውዬ ሳልጨርስ በዚህ ጭቃ ጫማ ትገባለህ? ውጣ! ውጣ ብዬሃለሁ!" ብለሽ አባዬ ላይ ጮኽሽበት። እማዬ፣ ያኔ የማሙሽ እግር ብርድ ልብሱ ሥር ተሰበሰበ! ነርሷን ጠርቼ ደገምንለት፤ አሁንም ሰበሰበው። "ትንሽ ናት፤ ግን ምልክት ናት" ብላ መዝገቡ ላይ ጻፈችው። እኔ ኮሪደር ወጥቼ እንደ እብድ ሳቅኩ፣ አለቀስኩ።

ስለዚህ ምርቃቱን አቆይተሽ ቁጣሽን ላኪልኝ። ጠዋት ስትቀሰቅሺው የምትይውን፣ እርጥብ ፎጣ አልጋ ላይ ሲጥል የምትይውን፣ ሁሉንም። አደራ፣ እንዳታለቅሺ፤ ስታለቅሺ ድምፅሽን አያውቀውም።

አባዬ፣ እያነበብክ አትሳቅ፤ የልጅህን እግር ያነቃነቀው ያንተ ጭቃ ነው። ጉልበትህን ስሜያለሁ። አክስቴን ስለ ጸሎቷ አመስግኑልኝ። ታናሽ እህቴን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሙልኝ፤ በፈተናዋ ትበርታ።

ማሙሽም ሰላም ብሎሻል አልልሽም፣ ገና አላለም። እሱ ራሱ "እማዬ፣ በቃ ተነሣሁ!" እስኪልሽ ድረስ ተቆጪው።

ልጅሽ
ከማሙሽ አልጋ አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር
ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን