ለዓይንህ ብዬ ያለዘብኩት ባሩድ

ይድረስ በኬንታኪ ተራሮች ሥር ለሚኖረው ለታላቅ ወንድሜ ለኦርቪል ታኬት።

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ከዚህ ከሞንታና ሜዳ ተነሥቶ ወንዙንም ተራራውንም ተሻግሮ ይድረስህ። ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? በብርድ ጊዜ ግንባርህን የሚወጋህ ሕመም ተሻለህ ወይስ ዛሬም እንቅልፍ ይነሣሃል? እናታችን ሎቪና እንደምን አለች? ጉልበቷስ ደረጃውን ያስወጣታል? እኅታችን ኑላ እንደምን ሰነበተች? ሕፃኗ ኢቫሊን ጥርስ አበቀለች? አጎታችን ኤዝራ የዘንድሮውን የማሽላ አገዳ ጨምቆ ጭማቂውን እንደ ማር እስኪወፍር አፈላው ወይ? እኔ ከናፍቆትና ከልብ ፍርሃት በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

እስከዚህ ያለውን ለሁሉም ጮክ ብለህ አንብብላቸው። ከዚህ በታች ያለውን ግን ብቻህን ሁነህ አንብበው፤ እናታችን ብትሰማው አልጋ ላይ ትወድቃለች።

ከቤት ስወጣ ሥራ ፍለጋ እንደምሄድ ነግሬያችሁ ነበር። እውነቱን ደበቅኋችሁ። የመጣሁት አንተ ሁለት ዓይን ይዘህ ገብተህ አንድ ዓይን ይዘህ ወደ ወጣህበት የከብት እርባታ ነው። ወንድማማች መሆናችን እንዳይታወቅ በእናታችን አባት ስም ተቀጠርኩ። የከብት ጠባቂዎቹ አለቃ ስትራውድ ዛሬም እዚሁ ነው። ዛሬም ያ ሰፊ አፈሙዝ ያለው ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ከወገቡ አይለይም። ዛሬም በየዓመቱ ከብቱ በባቡር ተጭኖ ሲያበቃ አዲስ ገቢዎችን እያቆመ፣ «ከአምስት ጥይት ሦስቱን እዚያ ካለው ባዶ ጣሳ ላይ ያሳረፈ ሽጉጤን ይውሰድ» ይላል። አንተን ያታለለህም በዚሁ አፉ ነው።

ወንድሜ ሆይ፣ «እጄ ደካማ ሆኖ ነው፤ ሽጉጡ ተራግጦ ዓይኔን የመታኝ በእኔው ጥፋት ነው» እያልህ ራስህን ስትወቅስ ኖረሃል። ሐሰት ነው። ስትራውድ ሁለት ዓይነት ጥይት አለው። በቀበቶው የሚሰካቸው እንደማንኛውም ሰው ጥይት ናቸው። ለአዲስ ገቢ የሚያጎርሳቸውን ግን ለብቻ በትንባሆ ቆርቆሮ ያኖራቸዋል። ሁላችንም ጥይት በምንሞላባት ጎጆ ውስጥ ሽጉጡ ክፉኛ እንዲራገጥ ባሩዱን ከልክ አሳልፎ ሲጨምር በዓይኔ አየሁት። «የአዲሶች በርበሬ!» እያለ ብቻውን ይስቅ ነበር። የዚያን ዕለት ልገድለው አሰብኩ። ፈሪ መሆኔን ታውቃለህና አልደፈርኩም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲያ አንዲት ጸሎት እንኳ መጨረስ አቃተኝ። ሆኖም ቂም ፈሪንም ያስተምራል።

ወጥ ሠሪያችን ጊድየን የሚባል ሽማግሌ ነው። ጣቶቹን ቁርጥማት ስላጣመማቸው የስትራውድን የመሰለውን ትልቅ ሽጉጡን የሚተኩሰው ባሩዱ በተቀነሰለት፣ በለዘበ ጥይት ነው፤ በዚያም ከዶሮዎቹ ቀበሮ ያባርራል። የለዘበውን ጥይት አሠራር እንዲያስተምረኝ ብለምነው፣ «ምነው ልጄ፣ ጢም ሳታበቅል አረጀህ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ቀጥሎም፣ «ግድ የለም፣ ጣሳ ለመብሳት ተራራ መናድ አያሻም» ብሎ ከጎኑ አስቀመጠኝ። የተተኮሰውን ቀለህ ማጽዳትን፣ ከሥሩ ያለውን የባሩዱን መለኮሻ መለወጥን፣ እርሳስ አቅልጦ በቅርጹ ማፍሰስን አሳየኝ። ወደ ባሩዱ ስንደርስ ግን ቀልዱን ይተዋል። እጅግ ካነሰ እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። ደግሞም ጥቂት ባሩድ በሰፊ ቀለህ ውስጥ ስለሚጠፋ፣ ዘንግተህ ብትደግምበት እንኳ አይፈስም፤ ሽጉጡን ከነእጅህ ይበትነዋል። ስለዚህ እርሳሱን ከመድፈናችን በፊት ቀለሆቹን በመስኮቱ ብርሃን አስደርድሮ አንድ በአንድ ወደ ውስጣቸው ያሳየኛል። «እጅህን አትመን፤ ዓይንህን እመን» ባለኝ ቁጥር የአንተ ዓይን ትዝ እያለኝ እንባዬን እውጥ ነበር።

በፈተናው ቀን ጠዋት፣ ስትራውድ እጁን ሊታጠብ ሲሄድ፣ ከኮርቻው ከረጢት የትንባሆውን ቆርቆሮ አውጥቼ የእሱን አምስት ጥይቶች እኔ ባለዘብኳቸው አምስት ለወጥኳቸው። በመልክ አይለዩም።

ሠራተኛው ሁሉ አጥር ላይ ተንጠላጠለ። ስትራውድ አስቀድሞ ከቀበቶው ጥይት አውጥቶ ተኮሰና ጆሮአችንን አደነቆረው። ከዚያ ከትንባሆ ቆርቆሮው እያወጣ አጎረሰልኝና፣ «እንካ፣ የእናትህ ልጅ! መሐረብ ይዘሃል? ኋላ ታለቅሳለህ» አለኝ። ምላጩን ሳብኩት። ሽጉጡ በእጄ ውስጥ ነቅነቅ ብቻ አለ፣ ድምፁም ደከም ያለ ነበር፤ ጣሳው ግን ዘለለ። አንዱ ከአጥር ላይ ሆኖ፣ «ስትራውድ፣ ሽጉጥህን ምን ነካው? ጉንፋን ያዘው?» ብሎ ጮኸ። ደገምኩት፤ ሠለስኩት፤ ሁሉም አገኙ።

የስትራውድ ፊት አመድ መሰለ። «ቁም! እነዚህ የኔ ጥይቶች አይደሉም!» አለና ወዲያው አፉን ገጠመ። ጊድየን ግን አለቀቀውም። «ከገዛ ቆርቆሮህ አንተው አይደለህ ያወጣሃቸው? ያንተዎቹ ምን ልዩ ነገር ነበራቸው፣ አለቃ?» አለው። እኔም ይህችን ስጠብቅ ነበርና አምስቱን ከኪሴ አውጥቼ በመዳፌ ዘረጋሁለት። «ያንተዎቹ እነሆ። አንዷን ብቻ ተኩስልን። እኔ የኦርቪል ወንድም ነኝ» አልኩት። እንዴት ወደ ኋላ እንዳፈገፈገ በቀረችህ ዓይንህ ባየህ! አንድም ሰው አልሳቀለትም። የተናገረውን ስነግርህ ግን ደሜ ይፈላል። «የቱ ኦርቪል?» አለኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሽጉጡ አሁን በእጄ ነው፤ ልቤ ግን አልረካም። በማግስቱ የአጥር ሽቦ ስወጥር ስትራውድ ቆቡን አውልቆ መጣና፣ «በል ለወንድምህ ጻፍለት፤ የፈለገውን ይበለኝ፣ እፈጽማለሁ» አለኝ። ጀርባዬን አዞርኩበት። የጠፋ ዓይን በምን ይካሳል? ያን መሳይ ሌላ ሽጉጥ ገዝቷል። ቀበቶውን በየምሳው በር ላይ ካለው ምስማር ሰቅሎት ይገባል። ጊድየን አምስቱን ጥይቶች አገላብጦ አይቶ፣ «ከእነዚህ አንዷ አንድ ቀን ሽጉጥ ታፈነዳለች» ብሎኛል። ከቀበቶው ብሰካቸው የሚለያቸው የለም። እጄ ቀበቶው ድረስ ሁለት ጊዜ ሄዶ ተመልሷል።

እናታችንን ጉልበቷን ሳምልኝ። ኑላን፣ ኢቫሊንንና አጎቴ ኤዝራን በየስማቸው ሰላም በልልኝ። የጠፋው ዓይን ያንተ ነውና ፍርዱም ያንተ ነው፤ ልሰካቸው ወይስ ወንዝ ውስጥ ልጣላቸው? ይህ በደረሰህ ዕለት መልሱን ጻፍልኝ። እስኪደርሰኝ ድረስ አምስቱም ከኪሴ አይወጡም።

ታናሽ ወንድምህ ዴልመር

ሞንታና፣ ከሉዊስታውን ወዲህ፣ ኦክቶበር 23 ቀን 1932