በሦስት ሰዓት የደረሱት ሽማግሌዎች

ይድረስ ከለቡ መብራት ኃይል ወደ ሀና ማርያም የሚያወጣንን መንገድ ቆፍሮ ለተሰወረው የፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት፣ ለተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በተለይም የመኪናዎ ባሌስትራ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ በጂኦግራፊ መምህርነት የምተዳደር የለቡ ነዋሪ ስሆን፣ እስከ ጉልበቴ ካለው ጭቃ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ክቡርነትዎ፣ ሰሞኑን ስለ ደሴቶች ለማስተማር ስዘጋጅ፣ በሲሸልስ ከማሄ ደሴት አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ፕራስሊን ደሴት ያለው አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያውም በባሕር ላይ፣ በአውሮፕላን ሩብ ሰዓት ብቻ እንደሚፈጅ አነበብኩ። በለቡና በሀና ማርያም መካከል ባሕር እንደሌለ ካርታ አይቼ አረጋግጫለሁ፤ ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ግን ይህን ጉድለት ስላሟሉልን በቅድሚያ አመሰግናለሁ። ጥቃቅን ቅሬታዎቼም የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ. ባለፈው እሑድ፣ ሦስት ዓመት የጠበቅኳትን አያንቱን እንዲጠይቁልኝ ሀና ማርያም ወደሚገኘው ወደ አባቷ ወደ አቶ ሂርጳ ቤት ሽማግሌ ላክሁ። አስቀድመንም «በሦስት ሰዓት እንደርሳለን» ብለን ቃል ገብተን ነበር። አቶ ሂርጳ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ለብሰው ጠበቁ። ሽማግሌዎቼ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥተው፣ ሚኒባሱ እርስዎ ባስቆፈሩት ቦይ ውስጥ ሲቀር በእግራቸው አዝግመው፣ ከቤት በወጡ በሦስት ሰዓት ደረሱ። ቃላችንን አክብረናል፤ ይህን ለአቶ ሂርጳ ማስረዳት ግን አልተቻለም።

2ኛ. እንደሚያውቁት ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አቶ ግዛው ግን በሩ እንደተከፈተ ያገኙት ወንበር ላይ ተዘረፈጡ፤ የመጡበትን ጉዳይ ሲጠየቁም ውኃ ለመጠጣት መሆኑን ገለጹ።

3ኛ. የአቶ ግዛው የግራ ጫማ እስከ ዛሬ በእርስዎ ይዞታ ሥር ነው።

በበኩሌ በጣም አፍሬያለሁ። አያንቱ ሁለት ቀን ስልኬን አላነሣችም፤ በሦስተኛው ቀን ደውላ አባቷ አንድ ዕድል ብቻ እንደሰጡን ነገረችኝ። ይህም ካለፈ ሌላ ሽማግሌ እንደማይቀበሉ አክላለች።

ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን የአባቶች ብሂል፣ ሚኒባስ ግን እንደማይሄድ በማሳየት ስላዳበሩልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። «ለጊዜው ለደረሰው መጉላላት ይቅርታ» ከሚለው ሰሌዳዎም «ለጊዜው» የሚለው ቃል በፀሐይ ደብዝዞ ጠፍቷል፤ ሰሌዳው ከጽሕፈት ቤቱ ይልቅ እውነተኛ ሆኖ አግኝተነዋል።

ከቦይዎ ወዲህ ማዶ ሆኜ እጅ የምነሣ፣ የልማትዎ ተቋዳሽ፣ የአንድ ቀጠሮ ዕድሜ የቀረኝ እጩ ሙሽራ፣
መምህር ወጋየሁ

ማሳሰቢያ፦ ሁለተኛው ቀጠሮ የፊታችን እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አቶ ግዛው በአንድ ጫማ አልሄድም ስላሉ አንድ ሽማግሌ ጎድሎናል። ለመዘግየት ምክንያት በማቅረብ እርስዎን የሚስተካከል በአካባቢው ስላልተገኘ፣ በሙሉ ድምፅ ተመርጠዋል። ዓርብ ጠዋት ቢነሡ ይደርሳሉ።