ያን ቀን ሞተሩን ያሞቀው

ተካዬ፣

በሕይወት ሳለህ በሰው ፊት ስምህን ጠርቼ አላውቅም፤ ለሚስት ነውር ነበር። አሁን ማን ይከለክለኛል? ተካዬ፣ ተካዬ። ከተለየኸኝ ወዲህ ሁለተኛውን መስቀል ያለ አንተ ዋልኩ። ዘመድ ሁሉ ከአዲስ አበባ መጣ፣ በሬው ታረደ፣ እኔ ከጓዳ አልወጣሁም።

ጣሊያን ሄዷል። ትነዳት የነበረችው ካሚዮን ግን እዚሁ ቡታጅራ ቀርታለች፤ አንድ የበርበሬ ነጋዴ ይዟታል። ጠዋት ስትነሳ እንደ ድሮዋ ጠቅ ጠቅ ትላለች። አዲሱ ሾፌር ሞተሯ አልቋል እያለ ያማርራል። አንተ ግን አስረድተኸኝ ነበር፤ የሌሊት ብርድ ዘይቱን ያረጋዋል፣ እስኪሞቅና ወደ ላይ እስኪወጣ ድረስ ብረት ብረትን ይመታል። እንደ እናቴ ጉልበት ናት፣ ጠዋት ካልተንቋቋች አትነሳም እያልክ ትስቅ ነበር።

መላዋም ቀላል ነበር። ፍም በገል አድርገህ ከሞተሩ ሆድ ስር ታስቀምጣለህ፣ ኮፈኑን በኮባ ትሸፍናለህ። ጥቂት ቆይተህ የማስነሻውን ብረት፣ ማኖቬላውን፣ ስታዞር ትንፍሽ ሳትል ትነሳለች። ጣሊያኑ ሹም ይህን እያየ ትከሻህን መታ መታ ያደርግህ ነበር።

እሱ ያላወቀው፣ ወታደር ጭነህ ለአሰሳ በምትወጣበት ቀን ፍም እንደማታደርግ ነው። ጠቅ ጠቁ በማለዳው ጸጥታ እስከ መንደሩ ዳር ይሰማል። ከጫካ ለአንድ ሌሊት ቤታቸው ያደሩት አርበኞች እሱን ሲሰሙ ሮጠው እንሰቱ ውስጥ ይገባሉ። እኔም ተኝቼ እየሰማሁ፣ እባክሽ እመቤቴ፣ ዛሬስ ቶሎ አይሙቅ እል ነበር። ሞተር እንዳይሻለው የተሳለ ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። አገሩ ባንዳ ሲልህ ምስጢሩን የምናውቀው እኔና የአርበኞቹ ቤተሰቦች ብቻ ነበርን። ከነሱም አንዷ እትዬ ወለተ ናቸው። ልጃቸውን ደስታን ያ ድምፅ ስንቴ አተረፈላቸው።

ከዚያ ያ የታኅሣሥ ጠዋት መጣ። ውርጩ ሣሩ ላይ ተነጥፎ ነበር። ካሚዮኗ የምታድርበት የጣሊያኑ ግቢ ዘበኛ አባ ከድር ስለ ምስጢራችን የሚያውቁት ነገር አልነበረም። እጅህ በማኖቬላው ተልጦ ስላዩ አዘኑልህና አንተ ሳትደርስ ፍም አስገብተው አሞቁልህ። ስትደርስ ሹሙ አጠገቧ ቆሟል። ምን ታደርግ? አስነሳሃት፤ ዝም ብላ ተነሳች። መንደሩ ስትደርስ ክላክሱን ይዘህ አልለቀቅህም። ሌሎቹ አመለጡ፤ ደስታን ከደጃፉ ሳይርቅ መቱት። አንተንም እዚያው መሪህ ላይ ገደሉህ።

ፍሙን የሰማሁት ከራሳቸው ከአባ ከድር ነው፣ ለቅሶህ ላይ። አጠገቤ ተቀምጠው እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣

«አይዞሽ ልጄ፣ በመጨረሻ ቀኑ እንኳ ከብርድ ጋር አልታገለም። እኔ አሙቄ ጠበቅሁት» አሉኝ።

ሊያጽናኑኝ ነበር። ተነስቼ ላንቃቸው ቃጣኝ፤ እውነቱን ነው የምነግርህ። ጥርሴን ነክሼ አሜን አልኩ። ከዚያ ወዲህ እንጨት ይፈልጡልኛል፣ አጥሬን ያጥሩልኛል። ስጠላቸው ከርሜ መጥላቱም ደከመኝ።

በመስቀል ማግስት እትዬ ወለተ ሽማግሌ ሰበሰቡ። ሁልጊዜ በብርድ የምትንቋቋ ካሚዮን ያን ቀን እንዴት ዝም አለች? ተካ ልጄን ሸጦታል፣ ክላክሱ የጸጸት ነው አሉ። ሽማግሌዎቹ የምታውቂውን ምለሽ ተናገሪ አሉኝ። ዝም ካልኩ ከዘር ዘር ከሃዲ ሆነህ ልትቀር ነው። እውነቱን ከተናገርኩ አባ ከድር አለቀላቸው፤ የደስታ ወንድሞች ገና ጠመንጃቸውን አላወረዱም።

አባ ከድር ከጥግ ተቀምጠው ነበር። ጥያቄውን ሲሰሙ ፊታቸው አመድ መሰለ። ያኔ ገባቸው። በትራቸውን ተደግፈው ሊነሱ ሲሉ ቀደምኳቸው፤ በሴት ላይ ጠመንጃ አይነሳም።

«ያሞቅኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ቁርሱን ይዤ ቀድሜው ሄጄ፣ ብርዱ አሳዝኖኝ። አሰሳ መሆኑን አልነገረኝም ነበር። እሱ ምንም አያውቅም።»

በሐሰት ማልኩ፣ ተካዬ። የመሪጌታ ልጅ ሆኜ በሐሰት ማልኩ። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ተካ ንጹሕ ነው፣ ባንዳ የሚለው ቢኖር እኛን ይጠይቅ ብለው ፈረዱ። እትዬ ወለተ ወደ እኔ መጥተው ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ምራቃቸውን እግሬ ስር እንትፍ አድርገው ሄዱ።

በማግስቱ አባ ከድር መጥተው ደጃፌ ላይ ተቀመጡ። አልገቡም። እኔም ግቡ አላልኳቸውም። ሲመሽ ተነስተው ሄዱ።

እንግዲህ ስምህ ጠርቷል። ልጆቻችን ባባታቸው ስም ቀና ብለው ይሄዳሉ፤ ስለ እናታቸው የሚሰሙትን ግን እኔ እንጃ። በየገበያው ቀን ከእትዬ ወለተ ጋር እንገናኛለን። እጅ ነስቼ ሰላም እላለሁ፣ እሳቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። እስክሞት ሰላም እላቸዋለሁ፣ እስኪሞቱ ፊታቸውን ያዞሩብኛል። እኔ አንተን የማስበው እንዲህ ነው።

ሚስትህ