ኦቭን ያላየው ብስኩት

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ይህን በስልክ ልነግርህ ሞክሬ አቅቶኛል። ገና "ሄሎ" ከማለቴ "አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር!" ትለኛለህ፤ እኔም አፌ ይያያዛል። እንዲህ እየተመሰገነ ማን ደፍሮ ያማርራል? ስለዚህ መጻፍ ይሻለኛል፤ ወረቀት መሃል ገብቶ አያመሰግነኝም።

ባለፈው ሳምንት የድሮዋ አሠሪዬ፣ የኬክ ቤቱ ባለቤት፣ ደወለችልኝ። ሁለተኛ ሱቅ ልትከፍት ነው። "ሊጥ ቤቱን አንቺ ያዥልኝ፤ ከበዓል በፊት ግን ቁርጡን ንገሪኝ" አለችኝ። ከደስታዬ ብዛት እሺ ማለት እንኳ ረሳሁ። ከዚያ እናታችን እቴቴ ከጓዳ ጠራችኝና ስልኩን ዘጋሁት።

እቴቴ ደህና ናት። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ሲላትም ታንጎራጉራለች። አንዳንድ ቀን ታውቀኛለች፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ "አንቺ ልጅ" እያለች እንደ ባዳ ታየኛለች። ወጥታ ከጠፋችብን ወዲህ በሩን ቀን ከሌት እቆልፈዋለሁ፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። እሷ እንዳትወጣ ስቆልፍ እኔም አብሬ እንደምቆለፍ ያን ጊዜ አልታየኝም። መስኮታችን የሚያሳየው የጎረቤቱን ግድግዳና የውሃ ቧንቧ ብቻ መሆኑን ታውቃለህ። ዳቦና አትክልት ገዝቶ በበሩ ክፍተት የሚያቀብለኝ ዘበኛው ነው። አንድ ቀን "እህቴ፣ እስረኛ የምጠይቅ እኮ ነው የሚመስለኝ" ብሎ ቀለደ። ሳቅኩለት። በሩን ስዘጋ ግን እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ትናንት ታች ያለችው ልብስ ሰፊ መጣች። "የበዓል ልብስ ተከምሮብኛል፤ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ እነዚህ ልጆች መቀሴን ሊበሉት ነው። ኬክ ቤት ሠርተሽ የለ? በፈጠረሽ፣ የሆነ ነገር አሠሪያቸው!" ብላ ሁለቱን ልጆቿን ትታልኝ ወረደች። ወንዱን ድምቡሼ ነው የሚሉት። ሴቷን ደግሞ "ለምን" ይሏታል፤ ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ለጀማሪ የሚሆነውን ቀላሉን ብስኩት መረጥኩ። አንድ እጅ ስኳር፣ ሁለት እጅ የገበታ ቅቤ፣ ሦስት እጅ ዱቄት፣ አለቀ። ቅቤው በጣት ሲጫኑት ጎድጎድ የሚል መሆን አለበት፤ ዱቄቱ ከገባ በኋላ ግን እጅ መሰብሰብ ነው፤ ብዙ ከታሸ ብስኩቱ ድንጋይ ይሆናል።

"ለምን እንቁላል የለውም?"

"ቀላል እንዲሆንላችሁ።"

"እትዬ፣ በሩን ለምን ቆለፉት?"

"እቴቴ እንዳትወጣ።"

"እርስዎስ ሲፈልጉ ይወጣሉ?"

ደግነቱ ድምቡሼ ጥሬ ሊጥ ሲጎርስ አየሁትና እሱን እየተቆጣሁ ከመልሱ አመለጥኩ።

እቴቴ የልጆቹን ድምፅ ሰምታ መጣች። እጇን ታጥባ መሃላቸው ተቀመጠች፤ ደስ አለኝ። ሊጡን ዳመጥን፣ በሻይ ብርጭቆ አፍ ክብ ክብ አድርገን ቆረጥን፣ ትሪው ላይ ደረደርን። ኦቭኑን ልለኩስ ዞር ከማለቴ እቴቴ ሁሉንም ሰብስባ አድቦለቦለችው። "ገና ነው፤ መች ታሸና!" አለች። እንደገና ቆረጥን። እንደገና ሰበሰበችው። ድምቡሼ ጨዋታ መስሎት በሳቅ ፈረሰ። ሊጡ ቅቤውን እየተፋ እጅ ላይ ይንሸራተት ጀመር፤ እሷ አሁንም ታሻለች።

እኔ መሳቅ አቃተኝ፣ ወንድም ጋሼ። አልጋ አነጥፋለሁ፣ ታመሰቃቅለዋለች። አለብሳታለሁ፣ ታወልቀዋለች። ነገ ያልኩት ሁሉ ተመልሶ ያው ዛሬ ይሆንብኛል። "በቃ!" ብዬ ጮህኩባት። እቴቴ እጇን ከሊጡ አንስታ ጉያዋ ውስጥ ሸሸገችው።

ያቺ ጠያቂ ልጅ ቀና ብላ አየችኝ። "ለምን የራሳቸውን አንሰጣቸውም?" አለችኝ።

ይህ ለእኔ፣ ለባለሙያዋ፣ አልመጣልኝም ነበር። ሊጡን ለሁለት ከፈልነው። እቴቴ ድርሻዋን ይዛ እንዳሻት አሸችው፤ ልጆቹም የራሳቸውን ቆርጠው ጋገሩ። አንዳንዱ ጠማማ ነው፣ አንዳንዱ ጫፉ አርሯል፤ እነሱ ግን ንጉሥ የጋበዙ ያህል ተኩራርተው፣ ትሪውን ለሁለት ተሸክመው ወረዱ።

እኔና እቴቴ ብቻችንን ቀረን። ሊጧን እያሸች ትክ ብላ አየችኝ።

"አንቺ ልጅ፣ እዚህ ቤት ከተቀጠርሽ ቆየሽ?"

"ቆየሁ፣ እቴቴ።"

"የእረፍት ቀን የለሽም?"

"የለኝም።"

"ምነው! ለበዓል እንኳ አይለቁሽም? ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?" አለች፣ ከልቧ ተናዳልኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "እናትሽ አትናፍቅሽም?" አለችኝ።

"ትናፍቀኛለች" አልኳት። "በጣም ትናፍቀኛለች።"

በሊጥ እጇ ጉንጬን ዳበሰችኝ። "በይ ሂጂ። ለእኔ አታስቢ። እኔ ልጅ አለኝ፤ ወንዱ ልጄ ይመጣልኛል። ላኪበት ብቻ፤ እምቢ አይለኝም።"

ሊጡን ከጉንጬ ሳልጠርግ ለኬክ ቤቱ ባለቤት ደውዬ እሺ አልኳት። ከበዓሉ በኋላ ባለው ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ። እናቴን ጥዬ አልጠፋም፤ ማታ ማታ ከጎኗ ነኝ። ቀኑ ግን ከእንግዲህ ያንተ ነው። መጥተህ አብረሃት ዋል፣ ወይ ወስደህ አንተ ዘንድ አኑራት፣ ወይ የምታምነውን ሰው ይዘህልን ና። የትኛው እንደሚሻል ስትመጣ እንነጋገራለን። ምስጋናውን ግን ተወኝ፤ ጠግቤዋለሁ።

እንዳዘዘችኝ ልኬብሃለሁ። ከትናንት ጀምሮ ወንበሯን በሩ ሥር አስጠግታ "ልጄ ይመጣል" እያለች ትጠብቅሃለች። አታሳፍራት።

እህትህ