ሽልማቱ ለማን ይገባል ብለው ሲጠይቁኝ

ጆሐንስበርግ፣ ቤሪያ
መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለልጄ ለዝማሬ፣

የጌታ ሰላም ካለሽበት አሜሪካ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። ስልኬን ስለማታነሺ ይኸው እንደ ድሮ ሰው ወረቀት አውጥቼ እጽፍልሻለሁ። ፎቶ አንሥታ የምትልክልሽ እናትሽ ናት፤ ደብዳቤውን እልካለሁ እንጂ አንተን አላናግርም ብላለች።

የኮሌጆች ኮንፈረንሳችሁ የዓመቱ ምርጥ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሽልማት ለዚያች ለረጅሟ ልጅ መሰጠቱን ሰምቻለሁ። የጻፍሽልኝም አንድ መስመር ፊቴ ነው፦ «አባዬ፣ አንተ ራስህ ለእሷ ይገባል ካልክ ማን እኔን ይምረጥ?» አሥር ቀን ሙሉ መልስ ስፈልግለት ከረምኩ።

መጀመሪያ የጀፕ ገበያውን ልንገርሽ። ለሶዌቶዋ ትንሽ ሱቃችን፣ ለስፓዛችን፣ ዕቃ ላመጣ በሄድኩ ቁጥር ክርክሩ ይጠብቀኛል። ብርድ ልብስ የሚሸጠው ስዩም፣ ከዓመት በፊት የቅርጫት ኳስን ከእጅ ኳስ የማይለይ ሰውዬ፣ ዛሬ የኮንፈረንሱን የአሥሩን ኮሌጅ ውጤት በቃሉ ይዞታል። ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ይጮኻል። የጎኑ ባለሱቅ ራዚያም የዋዛ አይደለችም።

«በየጨዋታው ሃያ አንድ ነጥብ የምታገባ እያለች አሥራ አራት ለምታገባ ይሰጣል እንዴ? ዝማሬን እወዳታለሁ፣ ግን ቁጥር ቁጥር ነው» ትላለች።

«ያቺ ብታገባም ቡድኗ ይሸነፋል! የእኛይቱ ዘጠኝ ኳስ አቀብላ ቡድኗ አንደኛ ነው።»

«ሀይቦ ስዩም! ያቀበለ ደግሞ መቼ ነው የሚቆጠረው?»

«ይቆጠራል! አሲስት ይባላል፣ አንብቢ!»

በመጨረሻ «እስቲ አባትየው ይፍረድ» ይሉኛል። እኔም «ኧረ እሷ ገና ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች» እላለሁ። ያኔ ሁለቱም ክርክራቸውን ትተው «ኧረ ተው!» ብለው አንቺን ሰማይ ያደርሱሻል። ሥርዓቱ ይሄው ነው፤ አባት ልጁን ዝቅ ያደርጋል፣ ሰው ከፍ ያደርጋታል።

ያ የአሜሪካ ጋዜጠኛ ሲደውልልኝም እንደዚያው መሰለኝ። «ሚስተር ሀቢሶ፣ ሽልማቱ ለማን ይገባል?» አለኝ። «ለዚያችኛዋ ነው፤ የእኔ ልጅ ገና ብዙ ይቀራታል» አልኩና ኧረ ተው እስኪለኝ ጠበቅኩ። እሱ ግን «ስለ ሐቀኝነትዎ አመሰግናለሁ» ብሎኝ አረፈው። በማግሥቱ ቃሌ በትልልቅ ፊደል ወጣ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል የሚባለው ይሄ ነው። ተሸላሚዋን የሚመርጡት አሰልጣኞች ድምፅ የሰጡት ከዚያ በኋላ መሆኑን የነገረችኝ እናትሽ ናት። ከዚያ ወዲህ ጨው አቀብለኝ እንኳን ብላኝ አታውቅም።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ይሉኝታ ነው ብዬ ብጨርሰው አንቺም ተቆጥተሽ ተቆጥተሽ ትተዪው ነበር። ግን ሙሉው እውነት አይደለም።

ባለፈው ታኅሣሥ፣ ቤተ ክርስቲያን ከመዘጋቷ በፊት፣ በምስክርነት ሰዓት ተነሥቼ ስለ ወንድምሽ መሰከርኩ። «ኢዮኤል መሐንዲስ ሆነልኝ፣ ጌታ የስፓዛ ነጋዴውን ልጅ ከፍ አደረገው» አልኩ። ሰው እልል አለ። እኔም በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። በሃያኛው ቀን ኮሮና ወሰደብኝ። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ሲወርድ ፊቱን አላየሁትም፤ አንቺም መምጫ አጥተሽ በስልክ ቀበርሽው።

እኔ በቡዳና በዓይን አላምንም። ሕፃን ሳለሽ አንገትሽ ላይ ክር ያሰረችልሽን አክስትሽን ገሥጬ ክሩን በጥርሴ የበጠስኩት እኔ ነኝ። ሆኖም ያ ጋዜጠኛ ሲጠይቀኝ ያ የምስክርነት ቀን ትዝ አለኝ። «ልጄ ይገባታል» ብል አንቺንም የማጣሽ መሰለኝ። የሰው ዓይን ወደዚያችኛዋ ይሂድ ብዬ የእሷን ስም ሰጠሁ። እሷም የሰው ልጅ ናት፣ አባት ይኖራታል። ይህን ኃጢአቴን ለጌታ ተናዝዣለሁ። ሽልማትሽን ያስነጠቅኩሽን ግን ይቅር ማለት የምትችዪ አንቺ ብቻ ነሽ።

ትናንት ጀፕ ሄድኩ። ሽልማቱ ተሰጥቶም እነስዩም አልበቃቸውም፣ አሁንም ይከራከራሉ። «ዝም በሉ!» አልኳቸው። ታክሲ ላይ ዕቃ የሚጭኑት ሰዎች ሁሉ ቆመው እስኪያዩኝ ጮህኩ። «የሚገባው ለልጄ ነበር! ወንድሟን ቀብራ በአራተኛው ቀን ሜዳ ገብታ አሥራ ሁለት ኳስ ያቀበለች ልጅ ናት። እንደ እሷ ያለ ተጫዋች አላየሁም!» ራዚያ ማስኳን አውልቃ ዓይኗን ጠረገችበት።

ላንቺም ልንገርሽ። ጎበዝ ነሽ፣ ዝማሬ። አንቺን ስመለከት ይህች ልጅ የእኔ ናት ብዬ ማመን ያቅተኛል። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን በአፌ ብዬሽ አላውቅም፤ ይቅር በዪኝ።

ጌታ መውጣትሽንና መግባትሽን ይጠብቅ። ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ በሽታ፣ ከአባትሽም አፍ ይሰውርሽ።

ልጄ፣ ትናንት ጀፕ ላይ አንቺን ካወደስኩ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል። ማኩረፍ መብትሽ ነው፣ አኩርፊ። ይህን እንዳነበብሽ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ደውለሽ ዝጊው። አላነሣውም። ሲጠራ ብቻ ልስማው።

አባትሽ
ሀቢሶ