ለሙሐዲን የታሰበው ብስክሌት

ይድረስ ቻይና፣ ጓንግዡ ላለኸው ወንድሜ አሕመዲን፤

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላህ። በሰው አገር አላህ ይጠብቅህ። እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ለክፉ አይሰጥም። ስልኩ እዚህ ስለማይሠራ ይህን በነጋዴ እጅ ልኬልሃለሁ።

እዚህ ሐይቅ ከተማ ዘንድሮ ዝናቡ ደግ ነው፤ ጤፉም አምሯል። ለልጄ ለሙሐዲን ከብረት የሚቀለውን ርካሹን የቻይና ካርቦን ብስክሌት ልግዛለት ወይ ብለህ ስለጠየቅኸኝ፣ ሽታው የሚባለውን ብስክሌት ጠጋኝ ቤት ጠርቼ አማከርኩት።

«እትዬ ኑርሀያት፣ ብረት ቢሰበር እበይደዋለሁ። የርካሽ ካርቦን ስንጥቅ ግን ከላይ አይታይም፤ ጉዱ የሚወጣው ቁልቁለት ላይ ነው። በዚያው ብር ደህና አሉሚኒየም ይግዛ» አለኝ። ቀጥሎ «ለመሆኑ ጋላቢው የታል?» ሲለኝ፣ «ከጓደኞቹ ጋር በአምባሰል በኩል ለልምምድ ወጥቷል» አልኩት። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን የሙሐዲንን ብስክሌት አየና «ያለ ብስክሌት?» አለ። ወዲያው ደንገጥ ብሎ ስለ ጎማ ያወራኝ ጀመር።

የእግሩን ርዝመት ለክተሽ ላኪ ያልከኝን ከሱሪው ላይ ለክቼ ለነጋዴው ነግሬዋለሁ። ከወጣ ስለሰነበተ ምናልባት ከስቶ ይሆናል፤ ክሳት ግን እግር አያሳጥርም። ሰሞኑን በአምባሰል በኩል ተኩስ ስለሚሰማ ገበያም አልወጣሁ።

እንግዲህ ገንዘብህን አታባክን፤ አትግዛው። ነገር ግን ሙሐዲን ስልክ ከሚሠራበት ቦታ ድንገት ከደወለልህ ተገዝቷል በለው። ካርቦኑ ነው፣ እናትህ ቤት ደርሷል፣ መጥተህ ውሰደው በለው።

አላህ ሁላችንንም አንድ ደጅ ላይ ይሰብስበን።

እህትህ ኑርሀያት